ኮሌታ ያልሆነው ኑዛዜ

ውድ አባዬ፣

«እንዴት ነህ» ብዬ አልጀምርም። አንተው ራስህ «እንዴት ነህ ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ያናድደኛል» ትል ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ፦ ተሸነፍኩ። ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ኑዛዜህን አጸደቀው። የትኛውን እንዳትለኝ። የመጨረሻዋን ነዋ። ያቺን በንዴት የጻፍካትን።

የምጽፍልህ ሱቁ ውስጥ፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መዝጊያውን እስከ ግማሽ ዝቅ ስላደረግሁት የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። አንተ ሰውን በሱሪው ጠርዝ ትለይ አልነበር? እኔም ለመድኩት። አሁን ባለ ፎቶ ኮፒዋ ጎረቤታችን አለፈች፤ ያቺ አንተ ያሳጠርክላት፣ በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ያለችው ጉርድ ቀሚስ። ቆም አለች። ጎንበስ ብላ ልትጠራኝ አሰበች መሰለኝ፣ ከዚያ ተወችውና ሄደች። አፍራ ነው። ለምን እንዳፈረች እነግርሃለሁ፤ ወሬው ብዙ ነው፣ ግን በተራው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከጠበቃው ካፖርት ነው። ያንን ግራጫ ካፖርቱን ሊሞክር መጥቶ፣ እሱ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሞ፣ አንተ አፍህ ስፒል ሞልቶ ብብቱን ስታስተካክል እኔ እዚሁ ቁልፍ እተክል ነበር። ስፒሉን በከንፈርህ እንደያዝክ ጠየቅከው።

«ለመሆኑ ኑዛዜ ለመጻፍ ስንት ሰው መሰብሰብ ያስፈልጋል?»

«ማንም አያስፈልግም አባባ። ሁሉንም በራስዎ እጅ ይጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፣ ቀን ያድርጉበት፣ ይፈርሙ። አለቀ።»

«ይኸው ነው? ይሄ እኮ ከሱሪ ይቀላል!»

«ሐሳብዎን ከቀየሩ ደግሞ አዲስ ይጽፋሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። ወይም የጻፉትን ቀደው ይጥሉታል።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፍህ አወጣህ። «የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል» ብለህ ደገምከው። ፊትህ አዲስ ስድብ የተማረ ሕፃን ፊት ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ ጠበቃውን ከነግማሽ ካፖርቱ ማባረር ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ የሚታወቀው በኑዛዜህ ሆነ። መጀመሪያ የተነቀለው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አንተ ከሱቅ ስትወጣ ወንበርህ ላይ ፊጥ ብሎ ትእዛዝ ስለሚሰጠን ከልጅነቱ ጀምሮ «ምክትል» ያልነው። ጥፋቱ የተዘጋጀ ሱፍ ገዝቶ ለብሶ መምጣቱ ነበር። «የልብስ ሰፊ ልጅ! ከመስኮት ላይ የተነሣ ሱፍ!» ብለህ ያን የልብስ ልክ የምትነድፍበትን ሰፊ የፎርማ ወረቀት ዘረጋህና በትልልቁ ጻፍክ። እየጻፍክ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብለህ ስለምታነብ ቤቱ ሁሉ ከውርስ ሲነቀል ሰማ። «ጥርስ ነኝ እንዴ የምነቀለው?» እያለ ምክትል ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ሚጣ፣ የመጨረሻዋ ልጅህ፣ ጂንሷን ሌላ ሰፊ ጋ ወስዳ አሳጠረች። ሌላ ሰፊ ጋ! የዚያን ቀን የጻፍከው እንደ ካውያ ያቃጥል ነበር። እኔማ ከሁሉም በላይ ተነቅያለሁ፤ አብሬህ የምኖረው እኔ ነኝና። ጨው ደብቄ ተነቀልኩ፣ ሬዲዮ ቀንሼ ተነቀልኩ፣ አንዴማ «ይህ ሱሪ የሰውዬው አይደለም» ብዬህ፣ እውነትም የሰውዬው ሳይሆን ቀርቶ፣ ልክ በመሆኔ ተነቀልኩ።

በነቀልከን ቁጥር ደህናዋን ኑዛዜ ቀደህ ትጥላታለህ፤ የንዴቷን ደግሞ እጥፍ አድርገህ ከቀዘቀዘው ካውያ ሥር ታስቀምጣታለህ። ከዚያ ንዴትህ ይበርዳል። ይቅርታ የሚባል ቃል ግን ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም፤ ስፒል ይወጣል እንጂ ይቅርታ አይወጣም። ለእኔ ስትታረቅ «ልጅት፣ ነይ ክር አስገቢልኝ» ነበር የምትለኝ፣ ዓይንህ ገና ጭልፊት በነበረ ጊዜም ጭምር። ክር አስገባልሃለሁ። ወረቀቷን ከካውያው ሥር ታወጣለህ፣ የኮሌታ ፎርማ ታስቀምጥባታለህ፣ በጠመኔ ዙሪያዋን ታሰምራለህ፣ መያዣው ላይ ቀይ ክር ባሰርክበት የወረቀት መቀስ ትቆርጣታለህ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ትሰቅላታለህ። በነጋታው ደህናዋን እንደገና ትጽፋለህ፣ ሁልጊዜም በዚያው ቃል፦ ሱቁና የስፌት መኪናው ለመካከለኛዋ፣ ምክንያቱም የምትሰፋው እሷ ናት፤ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤት ለታላቁና ለታናሿ።

ለዚህ ነው እኛ ቤት ይቅርታ ማለት «ኮሌታ መሆን» የሆነው። ሚጣ ስልክ ደውላ፣ «እትዬ፣ ኮሌታ ሆኛለሁ?» ትለኛለች።

«ገና ነሽ። ከካውያ ሥር ነሽ።»

«እስከ ቅዳሜ እሆናለሁ?»

«ምሳ ላይ አንዴ ስምሽን ጠርቷል። ተስፋ አለሽ።»

በእነዚያ ኮሌታዎች ልክ ስንት ሸሚዝ ሰፋን አባዬ! ምክትል የተነቀለበትን ንዴት አንገቱ ላይ ቆልፎ ሥራ የሚሄድ ስንት ሰው አለ! ሦስታችን ስንገናኝ ምስማሩ ላይ ያሉትን እያነበብን እንስቅ ነበር፤ «… ይህ ከንቱ ልጅ ከቤቴ ጥላ እንኳ …» ይልና አንገቱ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። ስቀን ስቀን ዕንባችን ይመጣ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህን መሆኑን ማን ነግሮን።

ከዚያ ዓይንህ ደከመ። እጅህም መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልክድህም፣ ሁለታችንም አይተን እንዳላየን ሆንን፤ አንተ ጠማማ ትሰፋለህ፣ እኔ አንተ ስትተኛ ተርትሬ አቀናዋለሁ። የዚያን ቀን ግን መኪናው መርፌውን ጣትህ ላይ ተከለው። ጎማውን በእጄ ወደ ኋላ አዙሬ መርፌውን ሳወጣልህ አንተ የምትጮኸው ስለ ጣትህ አልነበረም። «ሸሚዙን! ሸሚዙን አንሺው፣ ደም ይነካዋል!» ነበር የምትለው። ሐኪሙ ጣትህን ጠቅልሎ «ከእንግዲህ መኪናው ጋ እንዳይደርሱ» አለኝ፤ ለአንተ ሳይሆን ለእኔ። በነጋታው ሱቁን ቆልፌ ቁልፉን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በካኒቴራ፣ ሜትርህን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ፣ በሩ ላይ ቆመህ የጮህከው እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰምቷል። «ቀማችኝ! እናንተ ሰዎች፣ ልጄ ሱቄን ቀማችኝ!» ባለ ፎቶ ኮፒዋ ገና ትኩስ የሆነ ወረቀት በእጇ እንደያዘች ወጥታ አፏን ከፍታ አየችን። እኔ ሳቅሁላት። «ተነቅዬ ነው፣ አትጨነቂ» አልኳት።

ቤት ገብተህ፣ ካውያና ፎርማው ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋህ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ድምፅህን እሰማለሁ። «መካከለኛዋ ልጄ … ሱቄን … በጉልበት … ስለቀማችኝ … ከውርሴ ነቅያታለሁ። ከመርፌና ክር ጀምሮ … እስከ መኪናው ድረስ … ምንም ነገር … እንዳይደርሳት።»

«አራት ነጥብ አድርግበት አባዬ!» ብዬ ጮህኩልህ።

«አድርጌያለሁ!» አልከኝ።

አድርገህም ነበር። ዛሬ ዳኛዋ ፊት አየሁት። ደማቅ፣ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰ አራት ነጥብ።

ያን ሰሞን ጀርባህን ሰጥተኸኝ በላህ፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ጠጣህ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ጠራኸኝ።

«ልጅት!»

«አቤት።»

«ነይ ክር አስገቢልኝ።»

የሚሰፋ ነገር በእጅህ አልነበረም። መርፌ ብቻ ነው የያዝከው። ክሩን በምላሴ አርሼ አስገባሁልህ፤ መርፌውን ወስደህ ካኒቴራህ ደረት ላይ ሰካኸው። ከዚያ ወረቀቷን ከካውያው ሥር አወጣህ። ፎርማውን አስቀመጥክባት። ጠመኔውን ይዘህ ማስመር ስትጀምር እጅህ ተንቀጠቀጠ፣ መስመሩም አብሮ።

«ጠማማ ኮሌታ ነው የሚወጣው» አልኩህ።

«ላንቺ አይደል? ልክሽ ነው። አንገትሽ መች ቀጥ ብሎ ያውቃል!»

ሳቅን። ማንም ባይመሰክርልኝ ይህን እመሰክራለሁ፤ ስቀናል። መስመሩን ጨርሰህ እጅህን አራገፍክና «መቀሱን አምጪልኝ፣ ባለ ቀይ ክሩን» አልከኝ። መቀሱ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ሄድኩ። በሩን ታውቀዋለህ፣ በጉልበት ከፍ ካላደረጉት ቁልፉ አይዞርም። ታገልኩት፣ ከፈትኩት፣ መቀሱን አነሣሁ፣ ተመለስኩ። ጉንጭህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈህ ነበር። መቀሱን እጅህ አጠገብ አስቀመጥኩልህና «ይኸው» አልኩህ።

ቀና ሳደርግህ ጉንጭህ ላይ ጠመኔ ነበር አባዬ።

ሮጦ የመጣው ምክትል ነው፤ ቤቱ ቅርብ አይደል። አልዋሽበትም፣ አልቅሷል፤ ግድግዳውን ይዞ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ከጎረቤት ወንዶች ጋር ተሸክሞ አልጋህ ላይ አስተኛህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለሚጣ እየደወልኩ ነበር፤ ስልኩ ይጠራል፣ አታነሣም። ዘወር ስል ምክትል ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ወረቀቷን ይዟል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ያነብ ነበር። ከዚያ በኮቱ እጅጌ አንዴ ጠረጋት፣ ደገማት፤ ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበር እንደሚያራግፈው። አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተታት። ጥቁር ኮት ነው የለበሰው፣ አንተ የሰፋህለት። እጅጌው እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ ነበር።

ያን ሰዓት ምን ልበል? አባቱ የሞተበት ሰው ወረቀት ቢሰበስብ ማን ይጠረጥራል? ለማስታወሻ ነው አልኩ። እንዲያውም አንጀቴን በላኝ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው የመጣው። አንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ያወዛውዛል።

«እህቴ፣ ነገሩን በሰላም እንጨርሰው። አባዬ ኑዛዜ ትቷል።»

«የቱን?»

«የቱን ማለት ምንድን ነው? አንድ ነው ያለው።»

«ጋሼ፣ ያ እኮ ኮሌታ ሆኗል።»

«የታለ ኮሌታው? አሳዪኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ምስማሩ ላይ ያሉትን ያይ ነበር፤ የራሱን። አንዱ ጠርዝ ላይ «ከመስኮት ላይ የተነሣ» የሚለው እስካሁን ይነበባል።

«አሰምሮበት ነበር» አልኩት። «አጠገቡ ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ።»

«እኔ መስመር አላየሁም።»

«ጠረግኸው።»

ፔዳሉ ቆመ። «ሐዘን ላይ ስለሆንሽ አልቀየምሽም» ብሎኝ ተነሣ። አየህ፣ እሱ እኔን ይቅር ብሎኝ ሄደ!

ጠበቃው ጋ ሮጥኩ። ያንኑ ግራጫ ካፖርት ለብሶ ተቀበለኝ፤ እጅጌው ዛሬም ይረዝመዋል፣ ማንም አንተ ፊት ደፍሮ አልተናገረም እንጂ። የወንድሜን ማመልከቻና የኑዛዜህን ቅጂ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «በራሳቸው እጅ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ የተፈረመ፣ የነቀሉበት ምክንያት እንኳ የተገለጸ» አለኝ። «አባትሽ ሕጉን ጎበዝ ሆነው ተምረውታል። ችግሩ እሱ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ እንግዲህ ያለ ክፍያ እቆምልሻለሁ» አለ። ቆመልኝም። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰውነቱ ግን እንደ ካፖርቱ እጅጌ ነው፣ የሚሠራውን እጅ ይሸፍንበታል።

በመካከሉ ፍርድ ቤቱ የሾመው የውርስ አጣሪ ንብረት ሊመዘግብ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። መኪናውን ጻፈ፣ ካውያውን ጻፈ፣ የቁልፍ ማሰሮዎቹን እየከደነ እየከፈተ ጻፈ፣ መቀሶቹን ጻፈ። አንተ ካኒቴራ ላይ የነበረችውን፣ ክር ያስገባሁባትን መርፌ ብቻ አልሰጠሁትም፤ ከቀሚሴ ውስጥ፣ ጡቴ ሥር ሰክቻት ነበር። ምስማሩ ጋ ሲደርስ ዘለግ ብሎ አየ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ይቅርታዎች ናቸው።»

ወዲያና ወዲህ አገላበጣቸው። «ቁራጭ ወረቀት» አለ ለራሱ። «ዋጋ የለውም፣ አልመዘግበውም።»

ዛሬ ጠዋት ለችሎቱ ሁሉንም ከነምስማሩ ነቅዬ በጨርቅ ቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ዳኛዋ አንተ ብታያት የምትወዳት ዓይነት ሴት ናት፤ የካባዋ ትከሻ በደንብ የተቀመጠ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ። መጀመሪያ የምክትልን ምስክር ሰማች። ምስክሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ፎቶ ኮፒዋ።

«ሟች ምን ሲሉ ሰማሽ?»

«ልጄ ሱቄን ቀማችኝ ሲሉ።»

«በጆሮሽ?»

«በጆሮዬ፣ ክብርት ዳኛ። ግን እሷ የዚያን ጊዜ ስቃልኛለች …»

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።»

ወደ እኔ እያየች ከንፈሯን ነከሰች። አልዋሸችም። አባዬ፣ የሚገርምህ ነገር ይህ ነው፤ አልዋሸችም። ብለሃል፣ ሰምታለች። እኔም ቁልፍህን ወስጃለሁ። ሁሉም ሰው እውነቱን እየተናገረ እኔ ሌባ ሆኜ ቆምኩ።

ከዚያ ሚጣ ተጠራች። በእሷ ነበር ተስፋዬ። ጠበቃው ረጋ ብሎ ጠየቃት፦ «አባታችሁ በንዴት የጻፉትን ኑዛዜ በኋላ ኮሌታ አድርገው ይቆርጡት ነበር?»

«አዎ።»

«ሲቆርጡት ምን ማለታቸው ነበር?»

ሚጣ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። «ኮሌታ ሆኛለሁ?» እያለች ስትደውልልኝ የነበረችው ልጅ፣ ያቺ ድምፅ፣ ከጉሮሮዋ እንድትወጣ በልቤ ለመንኩ።

«እኔ እንጃ» አለች። «የቤት ውስጥ ቀልድ ነበር።»

እኔ ቦርሳዬን ይዤ ተነሣሁ። ኮሌታዎቹን ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። አንዱን አንሥታ አነበበች፣ ሌላውን አነበበች፣ «ጂንሷን ለባዕድ ሰፊ …» የሚለው ጋ ስትደርስ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። አስቀሃታል እኮ! ሞተህም ሰው ታስቃለህ! ከዚያ ግን ኑዛዜዋን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት፤ ገለበጠቻት፤ አስቀመጠቻት።

«እነዚህ ተቆርጠዋል» አለችኝ ወደ ኮሌታዎቹ እያመለከተች። «ይህኛው አልተቆረጠም።»

«አሰምሮበት ነበር፣ ክብርት ዳኛ። መቀስ ላመጣለት ሄጄ ነው።»

«መስመሩ የታለ?»

«ወንድሜ ጠረገው።»

ምክትል ተነሥቶ እጁን ወደ ፊት አጣምሮ፣ ያን የምታውቀውን የትልቅ ልጅ ፊቱን አድርጎ፣ «ክብርት ዳኛ፣ አባታችን ልብስ ሰፊ ነው። በቤታችን ጠመኔ ያልነካው ነገር አልነበረም። ዳቦው ላይም ጠመኔ ነበር» አለ።

ይህም እውነት ነው!

ዳኛዋ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «እኔ የምጠየቀው ሟች ስላደረጉት ነገር ነው። ሊያደርጉ ስላሰቡት ነገር ብጠየቅ ደስ ባለኝ።» ኮሌታዎቹን በእጇ ሰብስባ ወደ እኔ ገፋቻቸው። «እነዚህን ይውሰዷቸው። ለማስረጃነት አይጠቅሙም።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አንተ ግን ተናግረህ መልሰህ የምትስቅ ሰው ነበርክ፤ የተናገርከውን ራስህ የምታጠፋ። ታዲያ ምን ሆነህ ነው በመጨረሻዋ ቀን ተረቱን የፈጸምክብኝ? የጻፍከው ቀረ፣ የወለድካት ጠፋች።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ ተከትላኝ ሮጠች። «እትዬ፣ እትዬ፣ ቁሚልኝ። ምን ላድርግ? ሁለት ልጅ አለኝ። ቤት ኪራይ ገደለኝ። አንቺ እጅሽ ሙያ አለው፣ የትም አትወድቂም።» ይኸውልህ፣ ያስተማርከኝ ሙያ ምን እንደጠቀመኝ። የሚጣል ሰው ሲፈለግ፣ ወድቆ የማይሰበረው ተመረጠ።

«ቀልድ ነበር አይደል?» አልኳት።

አለቀሰች። እኔም ዕንባዋን ጠረግሁላት፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ምክትል በሩ ጋ ይጠብቀኝ ነበር። «አንቺ እኮ እህታችን ነሽ» አለኝ። «ዛሬውኑ ውጪ ያለሽ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ተረጋግተሽ ዕቃሽን ሰብስቢ። መኪናውን ግን የሚያየው ሰው ሰኞ ይመጣል።»

«ጋሼ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ።»

«ያ እጅጌህ ላይ የነበረው ነጭ በምን ለቀቀልህ?»

«የቱ ነጭ?» አለኝ። ይህን ሲል ግን ቀኝ እጁ ሳያስበው ሄዶ የግራ እጅጌውን ከክርኑ ጀምሮ ወደ ታች ጠረገ። ኮቱ ንጹሕ ነበር፤ ምንም የለበትም። እጁ ደገመው። ዓይኖቹ እጁን ሲያገኙት ቀዘቀዘ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። መንገድ ለቀቀልኝ፣ አለፍኩ። ከዛሬ በኋላ ያንን እጅጌ ሲጠርግ ይኖራል። ርግማን አይደለም፤ እኔ እንዳየሁት ማወቁ ይበቃዋል።

የት እንደምሄድ ትጠይቀኛለህ። ፈርቼ አስቀድሜ ያመለከትኩበት፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ቀጥሮኛል። የትኛው ክፍል ብትለኝ፣ አትሳቅ፣ ኮሌታ። ሰው ሁሉ የየራሱን ቁራጭ ነው የሚሰፋው፣ አንዱ እጅጌ፣ አንዱ ኪስ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ኮሌታ፣ አንድ ዓይነት ኮሌታ። የፈተነችኝ ሴትዮ የሰፋሁትን አገላብጣ አይታ «የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ። ስምህን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። «ቤት ውስጥ» አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እስካሁን ያወራሁህ አቧራ ማራገፍ ነበር።

አንተ ላይ ተናድጃለሁ አባዬ። በምክትል አይደለም፤ እሱ ከልጅነቱም ወንበርህን ነበር የሚፈልገው። በሚጣም አይደለም፤ ሚጣ ያለ ጥላ ቆማ አታውቅም። አንተ ላይ ነው። ይቅርታን የሚያህል ነገር በጠመኔ መጻፍህ፣ ንዴትህን ደግሞ በማይለቅ ቀለም! አንድ ጊዜ፣ በሕይወትህ አንድ ጊዜ፣ ነገሩን ገልብጠኸው ቢሆን ኖሮ። በዕድሜህ ሙሉ ክፉውን ጮክ ብለህ አንብበህ ደጉን በመርፌ ቀዳዳ አሾለክኸው። እኔ ቀዳዳዋን አውቃታለሁ፤ ዳኛ አያውቃትም፣ ጎረቤት አያውቃትም፣ ሕግ አያውቃትም። «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሱቁ ያንቺ ነው» ብለህ ባለ ፎቶ ኮፒዋ በምትሰማው ድምፅ ብትጮህ ምን ነበረበት? ለ«ቀማችኝ» ጉልበት ነበረህ እኮ!

ስለዚህ ይኸው፣ እኔም እንደ አንተ አደረግሁ። ይህን የምጽፍበት ወረቀት ደብዳቤ መጻፊያ አይደለም፤ የፎርማ ወረቀት ነው፣ ከጥቅሉ የቀረችው የመጨረሻዋ ቁራጭ። ሁሉንም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ቀኑን አድርጌበታለሁ። እፈርምበታለሁ። ይህ ንዴቴ ነው፤ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ከልቤ ነቅዬሃለሁ። ከመርፌና ክር ጀምሮ ምንም ነገር እንዳይደርስህ። አራት ነጥብ አድርጌበታለሁ።

ኮሌታዎችህ አጠገቤ ናቸው፤ ከቤትህ የወረስኩት ዋጋ የሌለውን ነው። አንዱን አንሥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ባለ ቀይ ክሩ መቀስ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የሚከፈት በር የለም፣ የሚታገል ቁልፍ የለም፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

አልዘረጋም። ዛሬ አይደለም። መቀሱን ሰኞ ከመኪናው ጋር ቢወስዱትም መቀስ የትም አይጠፋም። አጥፌ ቤት ውስጥ ከካውያው ሥር፣ ያንተዋ በነበረችበት ቦታ አስቀምጣታለሁ፣ ስሄድም ይዣት እሄዳለሁ። ከካውያ ሥር ነህ አባዬ። ኮሌታ የምትሆንበት ቀን ሲደርስ ራሴ ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ክር አስገቢህ